ከኋላ የምትሄደዋ

በድጋፍ ማዕከሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከጥበቃው አንስቶ እስከ ሥራ አስኪያጇ ድረስ ሁሉም «ጥላዬ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ከዓመታት በፊት አውቶቡስ መሳፈር ያስተማረችው አንድ ጎልማሳ ነው፤ ዘወር ባለ ቁጥር ከኋላው እያገኛት።

ማዕከሉ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች የተከፈተ ነው። ጥላዬ መጀመሪያ የተቀጠረችው ስፌት እንድታስተምር ነበር፤ ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ልብስ ፋብሪካ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ገና በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ተማሪዎቿ የሚመጡት የሚያመጣቸው ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። አክስት ጉንፋን ከያዛት የእህቷ ልጅ ይቀራል፤ ወንድም ፈረቃው ከተቀየረ እህቱ ቤት ትውላለች።

«እነዚህን ሰዎች የቸገራቸው ቁልፍ መትከል አይደለም፤ መንገዱ ነው» አለቻት ሥራ አስኪያጇን።

«እንግዲያው መንገዱን አስተምሪያቸው» ብላ ሥራ አስኪያጇ መርፌና ክሩን አስጣለቻት።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ይኸው ሆነ። በመጀመሪያው ወር ከሰውየው ጎን ትቀመጣለች። በሁለተኛው አንድ ወንበር ወደ ኋላ ትላለች። በሦስተኛው የኋላው በር ጋ ትቆማለች። በአራተኛው ቀድማ ሄዳ መውረጃው ላይ ትጠብቃለች፤ ከዚያ በኋላ መጠበቁንም ትተወዋለች። «ሌላው ሰው ሲጎብዝ ይፈለጋል፤ አንቺ ስትጎብዢ ይሸሹሻል» እያሉ ባልደረቦቿ ይቀልዱባታል። እሷም አብራቸው ትስቃለች።

አንድ ዓመት የደረሳት ሰው «አለቃ» ይባላል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ያጥፋል። አለቃ ያሰኘውም ይኸው ሥራው ነው። ጫፍና ጫፉ ያልገጠመ አንሶላ ካየ፣ ያጠፈው ማንም ይሁን ማን፣ ፈትቶ ይመልስለታል። አይቆጣም። «እንደገና» ብቻ ነው የሚለው። የክፍሉ ኃላፊ ራሷ ሁለት ጊዜ «እንደገና» ተብላለች። የማዕከሉ ሚኒባስ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤቱ ደጃፍ እያነሳ ያደርሰው ነበር። ኃላፊዋ ግን አምስቱንም ቀን ፈለገችው፤ ሚኒባሱ ደግሞ ለሌሎችም መድረስ ነበረበት።

አለቃ የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። እናትየው ጡረታ የወጡ የጽሕፈት ሠራተኛ ናቸው፤ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ወዲህም ከሰፈራቸው ርቀው አያውቁም። ጥላዬ መጀመሪያ ቀን ስትሄድ ወንበር እንኳ ሳይሰጧት ነበር ንግግር የጀመሩት።

«አንድ ዓይን ያላት በአፈር አትጫወትም፣ ልጄ።»

«በአፈር አንጫወትም እማማ፤ በአውቶቡስ ነው የምንሄደው።»

«ሰው ይስቅበታል።»

«ይስቅበት ይሆናል። እሱም ሲያሻው ይስቅበታል።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትይኝ ነው አይደል? እሱን ስሰማ ኖሬአለሁ። እንቁላል አውቶቡስ ሲሳፈር ግን አላየሁም።»

ጥላዬ ሳቋ አመለጣት። እናትየውም ሳያስቡት ፈገግ አሉና ወንበር ሳቡላት።

በማግስቱ ጠዋት ስትመጣ አለቃ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘርግቷል፤ እናቱ እያቃሰቱ ተንበርክከው የጫማውን ክር ያስሩለታል። ጥላዬ ግራ ገባት። ሆስፒታሉን ልትጎበኝ በሄደች ጊዜ ይኸው ሰው የቆሸሸ ልብስ የሞላበትን ከረጢት ሁሉ አፉን በገመድ ሸብ አድርጎ ሲያስር በዓይኗ አይታለች። አውቶቡስ ውስጥ ጠየቀችው።

«ክር ማሰር ትችላለህ አይደል?»

«እችላለሁ።»

«ታዲያ ለምን አንተ አታስርም?»

አለቃ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ጥቂት አሰበ። «እማዬን ደስ ይላታል» አላት።

ጥላዬ ሌላ አልጠየቀችውም፤ ለእናቱም አልነገረችበትም።

አለቃ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ የአውቶቡሱን ቁጥር፣ ሰባ አንድን፣ በመልኩ ያዘው፤ ሰባቱ መጥረቢያ፣ አንዱ እንጨት። መጥረቢያና እንጨት ሲመጣ ይሳፈራል። ከዚያ ጎሚስታው ያልፋል፣ ፋርማሲው ያልፋል፣ ረጅሙ የትምህርት ቤት አጥር ያልፋል፤ የሆስፒታሉ የውሃ ታንከር ብቅ ሲል ደወሉን ይጫናል። ግራ ከገባው ደግሞ የሚያደርገው ሦስት ነገር ነው፤ ይቀመጣል፣ በደረት ኪሱ የያዘውን የስልክ ቁጥር ለሾፌሩ ያሳያል፣ ካለበት አይነቃነቅም። አንድ ቀን ዝናብ መስኮቱን ጋርዶበት ታንከሩን ሳያይ አለፈ። ሌላ ቀን አንዲት ሴትዮ ቦታውን እንዲለቅላት ስትጮህበት ደንግጦ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወረደ። ሁለቱንም ጊዜ ጥላዬ ከኋላ ስለነበረች አልጠፋም፤ በማግስቱ ከመጀመሪያው ጀመሩ። አራት ወር ያህል እንዲህ ሄዱ።

ለብቻው የሚሄድበት ቀን ደረሰ። ጥላዬ ከማለዳው ጀምሮ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ጀመር። በሰዓቱ ሰባ አንድ ቁጥር መጣ፤ አለቃ ወረደ። ሸሚዙን አስተካክሎ ወደ እሷ ተራመደ።

«ደረስኩ» አላት።

«አይቼሃለሁ። ጎበዝ።»

«እማዬም አውቶቡሱ ላይ ነበረች።»

«እ?»

«እንዳንቺ ከኋላ ነው የተቀመጠችው። መነጽር አድርጋለች። እንዳይከፋት ብዬ እንዳላየኋት ሆንኩ።» ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ሰዓት አየና «ሰዓት ደርሷል» ብሎ ገባ።

ጥላዬ ገና የሰማችውን ሳታወራርድ ስልኳ ጮኸ።

«ጠፋሁ» አሉ እናትየው።

«የት ነው ያሉት እማማ?»

«የት እንዳለሁ ባውቅ ጠፋሁ እላለሁ?»

«እሺ። መጀመሪያ ይቀመጡ። ቀጥሎ ስልኩን ለሾፌሩ ይስጡልኝ። ከዚያ ካሉበት አይነቃነቁ።»

«ይሄ የልጄ ትምህርት አይደለም እንዴ?»

«እሱማ ነው።»

ሾፌሩ መጨረሻው ፌርማታ ላይ እንደሆኑ ነገራት። ጥላዬ በቀጣዩ አውቶቡስ ሄደች። እናትየው የጎረቤታቸውን ጥቁር መነጽርና ሻሽ ተውሰው እንዳደረጉ በቆርቆሮው ጥላ ስር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሾፌሩ የሰጣቸውን የውሃ ጠርሙስ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ደረሰ?» አሉ ገና ሳትቀመጥ።

«ደርሷል። ሥራ ላይ ነው።»

«ልወርድ ተነሳሁ፤ ሰው በሰው ላይ ነበር፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። እሱ ደወሉን ተጫነና ወረደ። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።»

ጥላዬ ልጃቸው አይቷቸው እንደነበር ልትነግራቸው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልሳ ዋጠችው። ያ የልጃቸው ጉዳይ ነው።

«እኔ ስሞት ማን ይከተለዋል እያልኩ ነው እንቅልፍ አጥቼ የኖርኩት» አሉ እናትየው መነጽሩን እያወለቁ። «ተከታይ የማያስፈልገው ቀን ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።»

ጥላዬ ለባልደረቦቿ እንኳ ነግራ የማታውቀውን አወራቻቸው። ሁለት ዓመት የምታንሰው ወንድም ነበራት፤ እንደ አለቃ ያለ። እንግዳ ሲመጣ አባቷ ወደ ጓሮው ክፍል ያስገቡት ነበር። በመስኮት በኩል የሚያልፈውን አውቶቡስ ሲያይ ይውላል። አንድ ቀን «ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠየቃት፤ እሷም ሥራ ይዛ ስለነበር «ሩቅ ነው» ብላ አለፈችው። በሃያ ስድስት ዓመቱ በሳንባ ምች ሞተ። ከዓመታት በኋላ በዚያው አውቶቡስ እስከ መጨረሻው ሄደች።

«ሩብ ሰዓት ነው የወሰደብኝ» አለች።

እናትየው የውሃውን ጠርሙስ ከፍተው ሰጧት። እሷም ጠጣች።

ሲመለሱ እናትየው ሆስፒታሉ ጋ ልውረድ አሉ። በማጠቢያው ክፍል ኮሪደር ላይ ወደ ውስጥ የሚያሳይ ሰፊ መስታወት አለ፤ እዚያ ቆሙ። አለቃ ለአንድ ወጣት ሠራተኛ አንሶላ ይመልስለታል፤ ወጣቱ እየተነጫነጨ እንደገና ያጥፋል። ቀጥሎ አለቃ አንድ ከረጢት ወደ ራሱ ሳበ፣ ገመዱን አዞረ፣ አንድ ቀለበት፣ ሁለት ቀለበት፣ ሸብ። እናትየው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስጠጉ። ሌላ ከረጢት ሳበ። እሱንም አሰረ።

«ይሄን ማን አስተማረው?»

«እርስዎ ነዎት መሰለኝ» አለች ጥላዬ። «ሠላሳ አራት ዓመት ዓይኑ ሥር ሲያስሩ።»

እናትየው ለረጅም ጊዜ ከመስታወቱ አልተነሱም። ፊታቸውን በተውሶው ሻሽ ጠረጉና «ቤት ውሰጂኝ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት የሆነውን ጥላዬ የሰማችው ከእናትየው ነው። አለቃ እንደ ወትሮው ዱካ ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋ። እሳቸው አልተንበረከኩም። «ዛሬ ጉልበቴን አሞኛል፤ አንተ እሰረው» አሉት። ልጁ ዓይን ዓይናቸውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም አሰረ፣ ቆመ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ተመለሰ።

«እሑድ እሑድ አንቺ ነሽ» አላቸው።

እንዲሁም ሆነ። አምስት ቀን ሥራ ሲሄድ እሱ ያስራል፤ እሑድ ለእግር ጉዞ ሲወጡ እናቱ ያስሩለታል።

እናትየው ሐሙስ ሐሙስ ማዕከሉ ውስጥ የወላጆች ስብሰባ ላይ መገኘት ጀመሩ። ስለጠፉበት ቀን ለአዲስ እናቶች ያወራሉ፤ በየጊዜው በወሬያቸው ውስጥ አውቶቡሱ እየራቀ፣ የሾፌሩም ደግነት እየጨመረ ሄዷል። ከልጃቸው አጠገብ ንቅንቅ የማይሉትን ወላጆች ለይተው አጠገባቸው የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው።

ጥላዬ አለቃን አልፎ አልፎ ፌርማታ ላይ ታየዋለች። «ደህና ዋልሽ» ይላታል እንደማንኛውም ተሳፋሪ፤ ከዚያ ቁጥሩን ሲጠባበቅ ይረሳታል። በዚያ ሰሞን ሌላ ሰው ደርሷት ነበር፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጃገረድ፣ የመኪና ድምፅ የምትፈራ። በመጀመሪያው ቀን እጅ ለእጅ ተያይዘው እስከ ግቢው በር ሄዱ፤ ልጅቷ የውጭውን መንገድ በበሩ ስንጥቅ አየችና በቃኝ አለች። ጥላዬም «እሺ፣ ነገ ደግሞ እናያለን» ብላት አብረው ተመለሱ።