አባቴን ከደንበኞቹ ጋር ተሰልፌ

የላምባና የልብስ ሳሙና ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሽው ሲለው፣ ሰበታ ጅማ መንገድ ዳር የነበረችው የአባቴ ሱቅ ድቅን ትልብኛለች። አባቴ ደንበኛ ፊት ሲቆም ከአፉ ማር ይንጠባጠብ ነበር፤ ንብ ያልሰፈረበት በመድኃኔዓለም ኃይል ነው። «ኦቦ ቶሎሳ፣ አካም ጅርቱ! ልጆቹስ? በሬዎቹስ? ያቺ የታመመችው ላምስ?» እያለ፣ አንዲት ክብሪት የገዛውን ሰው ሰባት ትውልድ ቆጥሮ ይሸኝ ነበር።

ያው ሰውዬ ሱቁን ዘግቶ ከጀርባ ወዳለችው ቤታችን ሲገባ ግን ማሩን እዚያው ቆልፎበት የመጣ ይመስል ነበር። እኔማ ስሜን ከአፉ ለመስማት የግድ አንድ ነገር መስበር ነበረብኝ።

ክረምት ገብቶ ጭቃው ሰውን ከነጫማው በሚውጥበት ሰሞን፣ የእናቴን ነጠላ እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ በመንገዱ በኩል ዞሬ ከደንበኞቹ ኋላ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ አባቴ ሚዛኑ ላይ እንዳቀረቀረ «እሺ የኔ እመቤት፣ በዚህ ዝናብ እንዴት ወጡ? ምን ልታዘዝ?» አለኝ። «ግማሽ ኪሎ ስኳር» አልኩ ድምፄን አጎርንኜ።

ቀና አለ። ከኋላዬ የነበሩት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ «ውይ በሞትኩት! ያንተዋ ጉድ አይደለችም እንዴ?» ብለው በሳቅ ፈረሱ። አባቴ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም፤ ስኳሩን መዝኖ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ አቀበለኝና «በሰላም ይግቡ፤ ለቤተሰብ ሰላምታ ያድርሱልኝ» አለኝ።

አመሻሽ ላይ ዱካው ላይ ተቀምጦ ጉንጮቹን በመዳፉ ሲያሻሽ፣ «አባዬ፣ ሰላምታህን አድርሻለሁ» አልኩት። «ጎሽ» አለ፣ ዓይኑን እንደ ጨፈነ። ጉንጭ እንደ ትከሻ እንደሚዝል ያኔ አላውቅም ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ በጋውም ሲገባ፣ በየቅዳሜው እሰለፍ ነበር፤ እሱም አንድም ቀን «አንቺ» ብሎኝ አያውቅም ነበር። ቤታችን ስኳር ከመብዛቱ የተነሣ ጉንዳን ከቡራዩ ድረስ በእግሩ ይመጣ ነበር።

ዛሬ እኔ አዲስ አበባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ለሰው ፈገግ ስል እውላለሁ። በሚኒባስ ተጋፍቼ ሰበታ ስደርስ፣ ልጄ የትምህርት ቤቷን ወሬ ይዛ በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ እኔም «ቆይ፣ ልረፍ» እላታለሁ። ለእኔ ሱቁን ዞሮ መሰለፍ ይበቃ ነበር፤ እሷ እኔ ጋ ለመሰለፍ ሁለት ታክሲ መያዝ አለባት።