ከኒሙ ሥር ያመጣሁት አፈር

ጅጅጋ ከምንኖርበት ግቢ ጥግ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ እዚያ ሥር አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበረ ውስጡን ያቀልጥ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ቦታውን ሣር ሸፈነው፤ በሣሩ ላይ ደግሞ የኒሙ ቅጠል ተነባበረ።

በእኛ ሰፈር ቅጠል የተበተነበት ግቢ የሰነፍ ሴት ግቢ ነው ይባላል። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ካቆምኩ ጀምሮ መጥረግ የእኔ ሥራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዝናቡ ሰሞን፣ ያንን ሣር ከነሥሩ ነቀልኩት። ከታች ያለው አፈር ጥቁርና ለስላሳ ነበር። መጣሉ አሳሳኝና ቅጠሉንም አፈሩንም በባልዲ እያመላለስኩ የእናቴ ጎመን መደብ ላይ ደፋሁት።

ጎመኑ እንደዚያ አምሮ አያውቅም። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ "የእሷ ሙያ ነው" ስትል አንገቴን እደፋለሁ፤ ደስ ብሎኝ ግን ነው። ደገሀቡር ያገባችው እህቴ እርጉዝ ነበረች። ሌላ ምግብ አልረጋላት ስላለ በየሳምንቱ በአውቶቡስ ጎመን እንልክላታለን።

ከግቢው አንዱን ክፍል የተከራየው መምህር የጎመኑ ማማር ገርሞት ከመደቡ አፈር ወሰደና ጓደኛው በሚሠራበት ቤተ ሙከራ አስመረመረው። ውጤቱን ይዞ ሲመጣ የባትሪውን ነገር ከእናቴ ሰማና ቁጭ ብሎ አስረዳን። የወደቀ ቅጠል ሲበሰብስ ለአፈሩ ምግብ ይሆናል፤ ጎመኑ ያማረው ለዚህ ነው። ነገር ግን ብስባሹ ከባትሪው የቀረውን እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረትም አምቆ ይይዛል፤ የሣሩ ሥር ደግሞ አፈሩን ነፋስ እንዳያነሳው ይጠብቀዋል። ባይነካ ኖሮ አብዛኛው እዚያው ይቀር ነበር።

"እትዬ፣ ታዲያ መደቡ ላይ እንዴት መጣ?" አላት።

እናቴ ወደ እኔ አላየችም። "እንጃ። ንፋስ ይሆናል።"

"ንፋስ ይሄን ያህል አይሸከምም።"

እኔ ነኝ አላልኩም። ጎመኑን ማን ማን እንደሚበላ ጠየቀን። የእህቴን ነገር ሲሰማ፣ ይህ ብረት ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በሆድ ያለን ልጅ መሆኑን ቀስ ብሎ ነገረን።

እናቴ ደወለችላት። እህቴ ገና ሳትጠየቅ፣ ልጁ የእናንተ ጎመን ሱሰኛ ሆኗል፣ የዚህ ሳምንቱ የት ደረሰ ብላ ሳቀች። እናቴ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"ከእንግዲህ አትብዪው" አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት፣ ምን እንዳለበትም ነገርኳት። በሕይወቴ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም።



"እሺ። የበላሁትንስ ምን ላድርገው?" አለች።

ወደ መምህሩ ዞርኩ። የውጤቱን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። በስልኩ ውስጥ እህቴ ስሜን ደጋግማ ትጠራለች።