የማይደፋው ኩባያ

ብስክሌት ጠጋኙን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሰፈሩ በሙሉ "ልሞክረው" ነው የሚለው። የተበላሸ ነገር ባየ ቁጥር፣ ያልተበላሸም ቢሆን፣ መጀመሪያ ከአፉ የምትወጣው ቃል እሷ ናትና። እጁ አያርፍም። ከሥራ ሲመለስ የተረፈ ሽቦና ያረጀ ኩሽኔታ በኪሱ፣ የተጣመመ ቸርኬ በብብቱ ይዞ ይገባል፤ ከዚያ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ይወለዳል።

የሚወለዱት ታዲያ ሁሉም ጤነኞች ናቸው ማለት አይቻልም። ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብስ ገፎ የሚቀሰቅስ ሰዓት አለ፤ ልጁ ተማሪ ሳለች ስንቴ እንደረገመችው እሷው ታውቃለች። ዝናብ ሲጀምር የተሰጣ ልብስ ወደ ጣሪያው ሥር የሚጎትት ገመድም አለ፤ ጎረቤት አበባ ሲያጠጣ ግን ዝናብ እየመሰለው እርጥቡን ልብስ ይሰበስበዋል። የልሞክረው ኩራት የወጥ ቤቱ በር ነው። ከውስጥ በኩል፣ ከእግር መጥረጊያው ሥር፣ የብስክሌት ፔዳል አለ። እሱን ረገጥ ሲያደርጉት መቀርቀሪያው በፍሬን ሽቦ ተስቦ በሩ ወለል ይላል። ሚስቱ ሁለት እጇ ሙሉ ሆኖ በር ላይ ስትቸገር አይቶ ነው የሠራላት። አፏ ሲሰድበው ቢውልም እግሯ ለምዶታል።

እሷን ከሁሉ የሚያሳፍራት ኩባያው ነው። ልሞክረው ብስክሌት እየነዳ ሻይ ለመጠጣት ያበጀው ነው። ኩባያው በሁለት ቀለበቶች መሀል በሚሽከረከር ኩሽኔታ ተንጠልጥሏል፣ ሥሩ ላይ ከባድ ብሎን ታስሮበታል፣ ከክዳኑ ቀጭን ቱቦ ወጥቷል። እጀታው የቱንም ያህል ቢወዛወዝ ኩባያው ቀጥ እንዳለ ነው። በዚያ እየጠጣ መንገድ ለመንገድ ሲሄድ ያየው ሁሉ ሲስቅበት ኖሯል።

እንግዲህ ልጃቸው ልታገባ ነው። እጮኛዋ ጨዋ ልጅ ነው፤ አባቱም ወደዋታል። ችግሩ እናትየው ናቸው። ለትውውቅ ቤት እንዲመጡ ሁለት ጊዜ ተጠርተው ሁለቴም በመጨረሻው ሰዓት ቀሩ፤ አንዴ አሞኛል፣ አንዴ ሰው ሞቶብኛል ብለው። ልጅቷ አልወደዱኝም ብላ አለቀሰች። ሚስት ግን ምክንያቱን በራሷ ከደረሰችበት ቆይታለች።

"የእብድ ቤት ነው ብለው ሰዎች ነግረዋቸው ነው" አለችው ባሏን። "አሁን እንኳን ከመጡ፣ ለአንድ ቀን ቤቱ እንደ ሰው ቤት ይሁንልኝ። ለልጅህ ስትል።"

ልሞክረው ቅስሙ ተሰበረ እንጂ አልተከራከረም። ሰዓቱንም ገመዱንም ፈታ፤ ኩባያውን ጓዳ፣ ከአሮጌ ጫማ ጋር ደበቀው። የበሩንም ሽቦ ፈታ። ፔዳሉን መንቀል ግን አንጀቱ ስላልቻለ ከመጥረጊያው ሥር ተወው።

የእጮኛዋ ወላጆች በሦስተኛው ጥሪ መጡ። አባትየው ወፍራምና ተጫዋች ናቸው፤ እናትየው ሰፊ ሻርፓቸውን ሳያወልቁ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ሻይ ቀረበ። ሁሉም አነሳ፣ እሳቸው አላነሱም። ይጠጡ እንጂ ሲባሉ በኋላ አሉ፤ ደግመው ሲባሉም በኋላ አሉ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ልጅቷ ዓይኗን ከዚያ ስኒ ላይ መንቀል አቃታት፤ የእናቷም ፊት ጠቆረ። ልሞክረው አንገቱን ደፋ። ያን ሁሉ ፈታትቶ ሲያበቃ አሁንም የሚናቅ ነገር ካለ፣ የቀረው እሱ ራሱ ብቻ ነው።

ሚስት ብስኩት ላምጣ ብላ ወጥ ቤት ገባች። ከዚያ የሆነውን ሳሎን ያሉት አላዩትም፣ ሰሙት እንጂ፤ መጀመሪያ ጓ የሚል ድምፅ፣ ተከትሎ የትሪ ጩኸት። ልሞክረው ዘሎ በሩን ከፈተ። ሚስቱ ግንባሯ ቀልቶ ቆማለች፣ ብስኩቱ ወለሉ ላይ ተበትኗል፣ እግሯ ግን አሁንም መጥረጊያውን እንደረገጠ ነው። ይፈታልኝ ያለችውም እሷ፣ ይከፈታል ብላ ሰተት ያለችውም እሷ።

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች፣ አልሆነላትም፣ ሳቋ አመለጣት። ሳቋን እያቋረጠች የበሩን ነገር ለአባትየው ስታስረዳ፣ እሳቸው ሲከፈት ካላየሁ አልሄድም ብለው ተነሡ። ልሞክረው ደስታው ፊቱ ላይ እየታየ በሩ ሥር ተንበርክኮ ሽቦውን መቀጠል ጀመረ።

ከዚያው ከወለሉ ቀና ሲል ነው ያየው። እናትየው በሻርፓቸው ሥር ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ጥብቅ አድርገው ይዘውታል፤ የተያዘው እጅ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ሰው ላያስተውለው ይችላል። ልሞክረው ግን ቀኑን ሙሉ የቸርኬ መወዛወዝ ሲመለከት የሚውል ሰው ነው።

ሽቦውን ትቶ ጓዳ ገባ። ሲመለስ ያን ኩባያ አጥቦ፣ ትኩስ ሻይ ሞልቶ ይዟል። ሚስቱ ስታየው ተው ብላ በዓይኗ ለመነችው፤ እንዳላየ አለፋት። ሴትዮዋ አጠገብ ጎንበስ ብሎ እጀታውን አቀበላቸው።

"እኔ ብስክሌት ላይ ሆኜ የምጠጣበት ነው" አላቸው ዝግ ብሎ። "የፈለገ ጉድጓድ ብገባ ደፍቶብኝ አያውቅም። እስቲ ይሞክሩት።"

ለአፍታ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ከሻርፑ አወጡ። እጀታው ተንቀጠቀጠ፣ ቀለበቶቹም ወዲያ ወዲህ አሉ፤ ኩባያው ግን ንቅንቅ አላለም። በቱቦው አንዴ ሳብ አደረጉ፣ ደገሙ፣ ሠለሱ። አንድም ጠብታ አልወረደም።

"ሁለቴ የቀረሁት እኮ" አሉ ወደ ልጅቷ ዞረው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ "ሻይ ታቀርቡልኛላችሁ ብዬ ነው። ሰው ፊት ልደፋው ነው ብዬ። አንቺንማ ማን ይጠላሻል፣ ልጄ።"

ልጅቷ ተነሥታ ጥምጥም አለችባቸው። ያኔም ሻዩ አልተደፋም፤ ልሞክረው ይህን ልብ ብሏል። እሱም ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሚስቱ ኩባያውን አየች፣ ባሏን አየች።

"በሩን ጨርሰው እንጂ" አለችው። "ሌላ ብስኩት አለኝ።"

ሽቦውን አጠበቀላት። ወጥ ቤት ገባች፣ ትሪውን እንደገና ሞላች፣ ከዚያ ሁለት እጇ ሙሉ፣ ግንባሯ እንደቀላ፣ በሩን በእግሯ ከፍታ ወደ እንግዶቿ መጣች።