አባቴ ሰዓቱን የሚያመሳክርበት ሬዲዮ

አባቴን ወደምኖርበት ሰመራ ልወስደው አዋሽ ሰባት ኪሎ ሄጄ፣ የራሱ መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ አንሄድም አለኝ። ቀበቶውን አስሯል፤ ባርኔጣውን አጥልቋል፤ ፔርሙዙን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። እጁ ግን ሬዲዮው የነበረበትን ክፍተት ይዳብሳል።

«ሰዓቱን ሳላመሳክር አንነሳም» አለ።

ስልኬን አውጥቼ ሰዓቱን አሳየሁት። «ይሄ ደግሞ የማን ሰዓት ነው?» ብሎ ፊቱን አዞረ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አዋሽ ጣቢያ ባንዲራና ፊሽካ ይዞ ባቡር ሲያስነሳ የኖረ ሰው ነው። የእጅ ሰዓቱን ከሬዲዮ ጋር ሳያመሳክር ባቡር ለቆ አያውቅም። ባቡሩ ቀርቶም ልማዱ አልለቀቀውም፤ ገበያ ለመሄድ እንኳ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት የዜናውን የሰዓት ምልክት ይጠብቅ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች ከኋላ ወንበር ሆና «ለቲማቲም እኮ ነው የምንሄደው» ትለዋለች። አይሰማትም።

እሷ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። መርሳት የጀመረውም ያኔ ነው። መጀመሪያ ምድጃውን ማጥፋት ረሳ፤ ቀጥሎ የጎረቤቶቹን ስም። በቅርቡ ደግሞ በቀትር ፀሐይ፣ ውሃ እንኳ ሳይዝ፣ በአሮጌው ሐዲድ ላይ ሲሄድ አገኙት። ጎረቤቶች ደውለው «ኧረ ነይና ውሰጂው፣ አንድ ቀን ሬሳውን እንዳናነሳ» አሉኝ። ያኔውኑ መጥቼ በግድ ልወስደው ስሞክር አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። በዚህኛው ጉዞ ግን ሳልይዘው እንደማልመለስ ለራሴ ምዬ ነበር።

መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ሬዲዮ ያስነቀለው ወንድሜ ነው። ፍቅሩን በዕቃ መግለጽ ይወዳል፤ ባለስክሪን ገዝቶለት መጣ። የገጠመለት ሰው የድሮውን ሶኬት ቆርጦ ጣለና ሽቦዎቹን እንደነገሩ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቀለላቸው። ስክሪኑ የአዋሽን ሙቀት አንድ በጋ እንኳ አልቻለም፤ ተቃጥሎ ወጣ። አባቴ ግን አሮጌውን ሬዲዮ በእናቴ ነጠላ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ አኑሮት ነበር።

እሱን አውጥቼ የመኪና ኤሌትሪክ የሚሠራ ሰው ጠራሁ። መኪናውን የግቢው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ ዳሽቦርዱን ሲፈታ የሽቦው ዘለላ ተዘርግፎ ወጣ። የናስትሮው ሙጫ ቀልጦ ሽቦ ከሽቦ ተጣብቋል፤ ቀዩም ጥቁሩም አቧራ ጠጥቶ አንድ ቀለም ሆኗል።

«ናስትሮ ብቻውን እዚህ አገር ምን ያደርጋል?» አለ ሰውየው። «ቅቤ እኮ ነው የሚሆነው። እኛ መጀመሪያ እንበይዳለን፤ ከዚያ በክር እንጠመጥመዋለን።»

እያንዳንዱን ሽቦ በትንሽ አምፖል እየፈተነ ለየ። ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣውንና ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚሠራውን ሲያገኝ ቀና አለና «አባትሽ ሞተር አስነስተው ነው የሚያዳምጡት?» ሲል ጠየቀኝ።

«ሰዓቱን ሳይሰማ አያስነሳም።»

«እንግዲያው ያለ ቁልፍ እንዲሠራ ከባትሪው ጋር አገናኘዋለሁ። ብቻ መዝጋቱን እንዳትረሱ።»

«እኛ ቤት አትርሱ ይባላል?» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ግን መሃል ላይ ሳቄ ለቅሶ ሆነብኝ። እሱም እንዳላየ ሆኖ መበየዱን ቀጠለ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ከጎኔ ተቀመጠ። የሬዲዮውን ማብሪያ ሳያይ አገኘው። ጣቢያውን እያጉረመረመ ፈለገና አመጣው። የሰዓቱ ምልክት ሲሰማ የእጅ ሰዓቱን ዓይኑ ድረስ አቅርቦ ቀስ ብሎ አስተካከለው። ተጨንቆ የነበረው ትከሻው ወረደ። የማውቀው አባቴ ተመልሶ መጣ ብዬ ከልቤ አመንኩ።

«አሁን መነሳት ይቻላል» አለ።

ከግቢው ወጥተን ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ባርኔጣውን ከፍ አደረገና «እርስዎ ሰመራ ድረስ ይዘልቃሉ?» ሲል በትሕትና ጠየቀኝ። መንገደኛ የሚያናግርበት ድምፁ ነው፤ ልጅ ሆኜ ጣቢያው ላይ ስንቴ ሰምቼዋለሁ።

«አዎ» አልኩት።

«እዚያ አስተማሪ የሆነች ልጅ አለችኝ። ትጠብቀኛለች።»

ልጅህ እኔ ነኝ ልለው ፈልጌ ነበር። ግን የእጅ ሰዓቱን እያየ ፈገግ ብሏል፤ ያን ፈገግታ ላጠፋበት አልቻልኩም። መሪውን ይዤ፣ እያለቀስኩ ነዳሁ።

ሰመራ ስንደርስ ቀድሜ ወረድኩና ቤቴ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ምናልባት በሩ ላይ ሲያየኝ ያውቀኛል ብዬ ነው። አባቴ ቀስ ብሎ ወርዶ መጣና ጨበጠኝ።

«ስላደረሱኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ግራ ቀኙን ቃኘ፤ ከዚያ የእጅ ሰዓቱን አየ። «ምን ሆና ይሆን? ልጄ እኮ አታረፍድም ነበር።»