የማይለመድ ሰሊጥ

እኛ ቆላ፣ ሽንፋ ላይ፣ በጥቅምት ከሰሊጥ ማምለጫ የለም። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ነዶው ጫፍ ለጫፍ ተደጋግፎ እንዲደርቅ ሜዳው ላይ ይቆማል፤ ሂላ እንለዋለን። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ በሂላዎቹ መካከል ሳልፍ እርምጃዬ ይዘገያል።

ዘንድሮ መስከረም ማለቂያ ላይ፣ አንድ ረቡዕ፣ ልጄ ትንሿን ልጇን ከሰሊጥ ፍትፍት አንድ ጉርሻ አጎረሰቻት። ልጅቷ ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሰሊጥ ስትቀምስ የመጀመሪያዋ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ አበጠ፤ አገጯ ላይ ትንኝ የነከሳት የሚመስል ሽፍታ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ጠፋላትና ዶሮ ማባረር ጀመረች። እናቷ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

"እማዬ፣ የአባዬ ሕመም ነው?" አለችኝ።

"ይመስለኛል።"

"የሚቀጥለውስ ምን ያህል ይብስባት ይሆን?"

እኔም ባለቤቴን ከቀበርኩ ጀምሮ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ እንዴት አስቀድሞ ይታወቃል?

ባለቤቴ ከደጋ የወረደ ሰው ነበር። የወረደን ሰው መጀመሪያ ወባ ይጥለዋል፤ በሌላው ክረምት ይቀልለታል፤ እያደር አልጋ ሳይዝ ይሻገረዋል። ያኔ ቆላው ለመደው ይባላል። ባለቤቴ ሰሊጥ ሲያራግፍ እጁን ሲያሳክከው ሁሉም ነገሩን በዚሁ በወባው ለኩት። ማሳቸው ከእኛ ጋር የሚዋሰን አንድ የጎጃም ሰው አሉ፤ በዕድሜ ስለሚበልጡን አያ እንላቸዋለን። ሠራተኞቹን የሚያስቁት እሳቸው ነበሩ።

"እኛ ሰሊጡን ስንበላ፣ አንተን ሰሊጡ ይበላሃል! አይዞህ፣ ይለምድሃል።"

ነገሩም እንዳሉት የሆነ መሰለ። አንድ ጊዜ ፍትፍቱን በልቶ ዓይኑ እስኪጠፋ ፊቱ አበጠ። በሌላ ጊዜ ሲበላ ግን ምላሱን ብቻ አሳከከው። "አየሽ፣ ለመደኝ" አለኝ እየሳቀ። ከዚያ በኋላ የቀመሰው አጨዳ ላይ ነው። ቀኑ ሐሩር ነበር፤ እሱም ሳል ይዞት ሰንብቷል፤ ከጠዋት ጀምሮ ጎንበስ እንዳለ ነው የዋለው። ከሠራተኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ ከፍትፍቱ ጥቂት ጎረሰ። ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ትንፋሹ ቆመ።

ስለዚህ ሰሊጡን መውቀስ ትቼ ያን ቀን መመርመር ያዝኩ። ብዛቱ ነው እንዳልል፣ ያን ቀን የጎረሰው ከሁሉም ያነሰ ነበር። ሐሩሩ ይሆን? ሳሉ? ድካሙ? ወይስ ሁሉም ተደምረው? ሐዘን ሰውን እንዲህ ጠያቂ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር።

ልጄ ልጅቷን ይዛ ጎንደር ስትወጣ አብሬ ሄድኩ። ሐኪሟ የልጅቷ ክንድ ላይ የሰሊጥ ጠብታ አድርጋ በስሱ ወጋ አደረገቻት። ቦታው ቀልቶ አበጠ።

"እብጠቱ በተለቀ ቁጥር ሕመሙ ይብሳል ማለት ነው?" አልኳት።

"አይደለም፣ እማማ። ይህ ሰውነቷ ሰሊጥን እንደማይቀበል ይነግረናል። ብትበላ ምን ያህል እንደምትታመም አይነግረንም።"

"ያለፈውስ? ያለፈው ቀላል ነበር።"

"ያለፈው ለሚመጣው ዋስ አይሆንም።"

የባለቤቴን ነገር አጫወትኳት። ሳሉም፣ ሐሩሩም፣ ድካሙም ሊያባብሱት ይችላሉ አለች። ሊያባብሱት ይችላሉ እንጂ፣ አባባሱት አላለችም። የማታውቀውን እንደማታውቅ በመናገሯ አመንኳት። ልጅቷ ሰሊጥ እንዳትቀምስ፣ ቤት ውስጥ እናስለምዳት ብለን እንዳንሞክር፣ ቀምሳ ትንፋሽ ካጠራት ለዚህ የሚሆነው መርፌ ወዳለበት ጤና ጣቢያ እንድንሮጥ አስጠነቀቀችን።

በተመለስን በማግስቱ አያ ከማሳቸው በቀጥታ ሊጠይቁን መጡ።

"ምን አለች ሐኪሟ?"

"የሚቀጥለው ምን ያህል እንደሚሆን አይታወቅም አለች።"

"አይታወቅም ለመባል ጎንደር ድረስ? እኔስ እዚሁ እነግራችሁ አልነበር!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እታለም፣ በጣት ጫፍ፣ በጣት ጫፍ እያላችሁ ብታስለምዷትስ?"

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። 

"ወባ አይደለም እኮ፣ አያ" አልኩ። "ባለቤቴስ ቢሆን፣ ከመሞቱ በፊት የነበረው ቀልሎለት አልነበር?"

እሱን ወደ ጤና ጣቢያ ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ናቸው። ልጅቷ በዚህ መሐል ሮጣ መጥታ እንዲያቅፏት ሁለት እጇን ዘረጋችላቸው። አያ እጃቸውን ሊሰዱ ሲሉ ገታ አደረጉት፤ መዳፋቸው ላይ ያለውን የሰሊጥ ገለባ አዩ። ተነስተው ከጀሪካኑ ውኃ አፍስሰው እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጠቡ።

"ሸሚዜስ፣ እታለም?"

"እሱንም አላውቅ፣ አያ።"

ሸሚዛቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉና ልጅቷን አነሷት።