ሚሊዮን ያልሞላው ቆጣሪ

የመኪናዋ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ስድስት ዘጠኞች ደርድሮ የቆመ ዕለት እኔ እሰይ አልኩ። እውነቴን ነው፣ መሪውን እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሪያድ፣ ዑረይጃ ሰፈር ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነበርኩ። ከፊሌ፣ አሠሪዬ ማለት ነው፣ በየቀኑ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ወጥቶ ቆጣሪውን በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ከትምህርት ቤትና ከገበያ ውጪ ሦስት ኪሎ ሜትር ከተገኘ "የት ሄደህ ነው?" ይመጣል። መኪናዋ ደግሞ ከእኔ በፊት ስንቱን ሾፌር የጨረሰች አሮጊት ናት። ባዲዓ ሰፈር ያለው መካኒካችን እንደነገረኝ፣ የድሮዎቹ ባለ ጥርስ ቆጣሪዎች ሲሞሉ ወደ ዜሮ ይዞራሉ፤ የእሷ ዓይነቱ ባለ መብራት ግን ለሰባተኛ ቁጥር ቦታ ስለሌለው እዚያው ይገተራል። ተገተረ። ከፊሌ ልማድ ሆኖበት ያንኑ ቁጥር በየቀኑ ፎቶ ማንሳቱን ቀጠለ። ጉድ እኮ ነው!

ደስ ያለኝ ለራሴ አልነበረም። በዚያው ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ ነበረች። ታናሽ እህቷ ከአሠሪዎቿ ጠፍታ ጀራዲያ ሰፈር ከአገር ልጆች ጋር ተደብቃ ትኖራለች። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም፤ በዚያ ላይ አስም አለባት። ቤተሰቡ ዓርብ ዓርብ በሌላው መኪና ከከተማ ሲወጣ ታላቅየዋን ይዤ ወደ እህቷ መክነፍ ጀመርኩ።

"ወንድሜ፣ ቁጥሩ ቢነቃስ?" ትለኛለች።

"ሞቷል አልኩሽ እኮ!"

አንድ ነገር ግን ረሳሁ፣ እኔ ደንቆሮው። ዘይት የምቀይረው በቆጣሪው ነበር። መካኒኩ መስታወቱ ጥግ በለጠፋት ወረቀት ላይ፣ ቀጣዩ ለውጥ አንድ ሚሊዮን ሦስት ሺህ ላይ ነው ብሎ በልማድ ጽፎልኛል። እኛ ሾፌሮች ወረቀቱና ቆጣሪው ሲገናኙ ነው ጋራዥ የምንገባው፤ ቀን የሚቆጥር የለም። ቁጥሩ ላይደርስ እኔ "ገና ነው" እያልኩ ወራት ነዳሁ። ሞተሩ መንኳኳት ሲጀምርም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ፤ ጋራዥ ከገባች የዓርቡ ጉዞ ይቀራላ።

አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ ከጀራዲያ ተደወለ። ታናሽየዋ መተንፈስ አቅቷታል፣ የምትስበው መድኃኒትም አልቋል። አብረዋት ያሉት አምቡላንስ እንጥራ፣ ታክሲ እንያዝ ይላሉ፤ መልሰው ደግሞ ተይዛ ወደ አገር እንዳትባረር ይፈራሉ። ስልኩን ከታላቅየዋ ተቀበልኩና "ማንንም እንዳትጠሩ! ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም፣ ያላ፣ መጣሁ!" አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ አንዴ ጮኾ ደርቆ ቀረ። ሐሩሩ ውስጥ ቆመን እጃችንን ስናወዛውዝ መኪናው ሁሉ ያልፈናል። "ስንት ኪሎ ሜትር ቀረን?" አለችኝ ታላቅየዋ። እኔ ሞኙ ዞሬ ቆጣሪውን አየሁ።

በስንት መከራ ታክሲ አግኝተን ስንደርስ ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር። "እስከ መጨረሻው 'መኪናው መጣ?' ስትል ነበር" አለችን አንዷ። ታላቅየዋ ሻርፗን አውልቃ የእህቷን ፊት ሸፈነች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤተሰቡ ሳይመለስ እሷ ቤት ገባች፤ እኔም መኪናዋን አስጎትቼ በር ላይ አቆምኳት። ከመግሪብ በኋላ ከፊሌ ወጣ፣ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ሞከረ፣ ተራገመ፣ ከዚያ ያንን ቁጥር እንደ ልማዱ ፎቶ አነሳ። የት እንደሄድን አልጠየቀኝም። ከወጥ ቤት የሳህን ድምፅ ይመጣል፤ ታላቅየዋ የራት ዕቃ እያጠበች ነበር።