ማውጫው ያነበባቸው ዓመታት

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የበደሳን ቡና ከማሳው እስከ ጭሮ መጋዘን የሚያሳይ መተግበሪያ ሠርቶ ነበር። እያንዳንዱ ጆንያ ብሎክቼይን በሚባል የጋራ የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ማንም አይፍቀውም። እሱ ካረፈ በኋላ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ገጹ ባዶ ሆነ። ቡናውን የሚገዛው ነጋዴ ደግሞ ሐሙስ ይመጣል፤ የቡናውን መነሻ ካላየ አይወስድም።

ቡናቸው መጋዘን የተቀመጠባቸው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከበደሳ በሚኒባስ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ባልሽ፣ አላህ ይዘንለትና፣ መዝገቡ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው ብሎኝ ነበር። ክፍት ከሆነ ምን አስቸገረሽ?"

"ክፍትስ ክፍት ነው፣ አባባ። ግን የዓለም ሰው ሁሉ ጆንያውን አንድ ሜዳ ላይ እንደመጣለት ሲዘረግፍ ያስቡት። ከዚያ ውስጥ የእርስዎን ለቅሞ የሚያወጣ ማውጫ ያስፈልጋል። የጠፋው እሱ ነው።"

ማውጫውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደገና አስነስቼ፣ ንባቡን የሚጀምርበትን ዓመት ሞልቼለት ነበር። ያነባል፣ ያነባል፣ ምንም አያገኝም። መብራት ይሄዳል። መብራት ሲመጣ ኔትወርኩ ይጠፋል። መረጃውን በነጻ የሚሰጠው አገልግሎት ደግሞ ትንሽ ከጠየቅኩት በኋላ በዛብኝ ብሎ ይዘጋል። ንዴቴ አንዳንዴ ወደ ሟቹ ይዞር ነበር፤ ይህን ሁሉ ጥሎብኝ በመሄዱ።

"አሁን የት ደረሰ?" አሉ።

ማሽኑ የደረሰበትን ቀን እስከዚያ ድረስ እንደራሳችን አቆጣጠር እቆጥረው ነበር። ለእሳቸው እንዲገባ ልናገር ስል ነው የፈረንጅ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ወደ እኛ ስለውጠው ከሠርጋችን በፊት ሆነ፤ ይህንኑ ነገርኳቸው።

"ያኔማ የኔም ጺም ጥቁር ነበር!" ብለው ሳቁ። "ባልሽስ ይህን ነገር መች ጀመረው?"

ስሕተቴ ያኔ ገባኝ፤ መነሻውን የሞላሁት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የእኛ የቀን መቁጠሪያ ወደኋላ ቆጥሬ ነው፤ ማሽኑ ግን ዓመቱን የፈረንጅ አድርጎ ወስዶታል። ማሽኑ ሰባት ዓመት ያህል ወደኋላ ሄዶ የሰው ጆንያ ሲያገላብጥ ከርሟል። ላቋርጠው እጄን ከዘረጋሁ በኋላ ትንሽ ቆየሁ። በእነዚያ ዓመታት እሱ በሕይወት ነበር፤ ማሽኑ ግን አንዲት መስመር እንኳ አላገኘለትም። አጠፋሁት።

አርሜ ካስነሳሁት በኋላ፣ ከቀትር በኋላ መስመሮቹ መምጣት ጀመሩ። የማሳቸውን ስም ሳነብላቸው ሽማግሌው፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው የኔ ቡና!" ብለው ብድግ አሉ። ሐሙስ ገዢው አይቶ ወሰደላቸው።

እኔ ግን የመጨረሻው መስመር ላይ ቀረሁ። ባለቤቴ ያስገባው የመጨረሻ ጆንያ ነው። ያንን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ አላስፈለገኝም። በማግሥቱ ነው የታመመው።